ሥራ ላይ ለደረሰ የአእምሮ ጉዳት ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ካሣ እንዴት ይጠየቃል?

ሥራ ላይ እያለ ከመሰላል ወድቆ ወገቡን የተጎዳ ወይም ጣቱን ማሽን የቆረጠው ሰው ወደ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ሄዶ ካሣ መጠየቅ እንደሚችል በማኅበረሰባችን ውስጥ የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ሥራ ላይ ባየው ወይም በደረሰበት ነገር የተነሳ እንቅልፍ ያጣ፣ ወደ ሥራ ቦታው የሚወስደውን አውቶቡስ ሲያይ ልቡ የሚደነግጥ፣ ከሰው የሚሸሽ ሰው ግን ተመሳሳይ መብት ሊኖረው እንደሚችል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራችን የምናገኛቸው ቤተሰቦች ወደ እኛ የሚመጡት በአብዛኛው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ዕዳ ወይም ስለ ልጆች ትምህርት ለመነጋገር ነው። ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ ነው «አባታቸው ሥራ ከተወ ስድስት ወር ሆነው፤ ከዚያች ቀን ወዲህ እንደ ሰው አልሆነም» የሚለው ነገር ጣል የሚደረገው። ቀኑ የትኛው እንደሆነ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ መልስ አናገኝም። ሐኪሙ አልጠየቀም፣ ቤተሰቡ አልጻፈም፣ አሠሪው ዝም ብሏል።

አንባቢዎቻችን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን እንዲይዙ እንፈልጋለን፦ የእስራኤል ሕግ በሥራ ለመጣ የአእምሮ ጉዳት ካሣ የሚሰጠው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ላለው ክስተት ነው። ያ ክስተት ቶሎ ለሐኪም ካልተነገረና በፋይል ላይ ካልሰፈረ፣ ጉዳቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ መብቱን ማግኘት እጅግ ከባድ ይሆናል።

ክስ ሳይሆን መድን ነው

ብዙ ወገኖቻችን ቅጹን ከመሙላት የሚቆጠቡት «እንጀራ ከሰጠኝ ሰው ጋር አልካሰስም» በማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሲጋጩ ሽማግሌ አስቀምጦ መታረቅን ለለመደ ሰው ይህ የሚያስመሰግን ጠባይ ነው። እዚህ ላይ ግን ቦታው አይደለም። የሥራ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ከአሠሪው ሳይሆን ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ነው። አሠሪው ለዚህ የመድን ዓይነት በየወሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይከፍላል። ሠራተኛው አሠሪው ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጥፋተኛ ባይኖርም፣ ሌላው ቀርቶ ሠራተኛው ራሱ ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ቢሆንም መብቱ አይቀርም። ሊያስረዳ የሚገባው ጉዳቱ በሥራ ጊዜና በሥራው ምክንያት የደረሰ መሆኑን ብቻ ነው። ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ከሥራ ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚደርስ አደጋም እንደ ሥራ አደጋ ይቆጠራል።

ይህ መድን በ1953 ከወጣውና በ1995 እንደገና ተጠቃሎ ከተጻፈው የብሔራዊ መድን ሕግ የሚመነጭ ነው። በካብላን በኩል የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛም፣ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ አረጋዊ የምትንከባከብ ሜታፔሌትም፣ በገበያ አዳራሽ በር ላይ የሚቆም ሾሜርም ይገባሉ። አሠሪው ሳያስመዘግበው በእጅ እየከፈለ ያሠራው ሠራተኛም መብት አለው። የእስራኤል ዜግነት የሌላቸው፣ ለምሳሌ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ መጥተው ጥገኝነት ጠይቀው የሚኖሩ ሠራተኞችም እንዲሁ በሥራ ጉዳት መድን የተሸፈኑ ናቸው። ይህንን ጎረቤትዎ ለሆነ ሰው ቢነግሩልን ደስ ይለናል፤ ብዙዎቹ አያውቁትምና።

«ኢሩዓ ሐሪግ»፣ የተለየ ክስተት

አስቸጋሪው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ቢቱዋሕ ሌኡሚ የሥራ ጉዳትን በሁለት መንገድ ይቀበላል። አንደኛው የሥራ በሽታ የሚባለው ሲሆን በደንቡ ዝርዝር ውስጥ የተጻፉ በሽታዎችን፣ ለምሳሌ በአስቤስቶስ ወይም በእርሳስ ምክንያት የሚመጡትን ይመለከታል። ድብርት፣ ጭንቀትና መሰል የአእምሮ ሕመሞች በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ የሚቀረው ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሥራ አደጋ ነው። አደጋ ደግሞ በባሕርይው ድንገት የሚደርስና ቀኑ የሚታወቅ ነው።

ከመሰላል መውደቅ ለማንም ይታያል። ልብ ውስጥ የሚሆነው ግን አይታይም። ስለዚህ የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤቶች (ቤት ዲን ለዓቮዳ) ለልብ ድካምም፣ ለአንጎል ደም መፍሰስም፣ ለአእምሮ ጉዳትም አንድ መለኪያ አውጥተዋል። ይኸውም ከተለመደው የሥራ ቀን የወጣ፣ ኃይለኛ ድንጋጤ ወይም ስሜት የፈጠረ አንድ የተለየ ክስተት መኖሩን ማሳየት ነው። በዕብራይስጥ «ኢሩዓ ሐሪግ» ይሉታል። ይህን ቃል እንዲያውቁት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊውም፣ ጠበቃውም፣ ዳኛውም የሚጠቀሙበት ነውና።

ምን ዓይነት ነገር ነው የተለየ ክስተት የሚባለው? ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ የሆነች ልጅ ላይ ቢላዋ ሲመዘዝባት፤ በግንባታ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ጓደኛው ከፎቅ ወድቆ ሲሞት ሲያይ፤ በሆስፒታል ወይም በቤት አቮት የምትሠራ ሴት በሽተኛ ሲያንቃት ወይም ሲደበድባት፤ የምትንከባከባቸው አሮጊት ጠዋት በሩን ስትከፍት ወለል ላይ ሞተው ስታገኛቸው፤ ሥራ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ሲደርስባት። እነዚህ ለማስረዳት ቀለል ያሉት ናቸው። ከዚህ ዝቅ ያለውም ሊገባ ይችላል። ሜናሄል ሠራተኛውን በሰው ፊት ከልክ ባለፈ ሁኔታ ሲጮህበት፣ ሲሰድበው፣ ሲያዋርደው እንደ ነገሩ ሁኔታ ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ተራ ተግሣጽ፣ የፈረቃ ለውጥ፣ ወይም በአግባቡ የተካሄደ የስንብት ሺሙዓ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን መለኪያ አያልፍም።

ፍርድ ቤቱ ክስተቱን የሚመዝነው በተጎጂው ዓይን ነው። ሌላ ሰው «ይሄ ምን ያስደነግጣል?» ቢል ወሳኝ አይደለም፤ ዋናው ይህ ሰው፣ በዚያ ቀን፣ እንደዚያ መደንገጡ ነው። ይሁን እንጂ መነሻ የሚሆን በእውን የሆነ ነገር መኖር አለበት። ለምሳሌ አንድ የስልሳ ዓመት የጽዳት ሠራተኛ ልጁ በሚሆን ኃላፊ «ኩሺ፣ ውጣልኝ» ተብሎ ባልዲው በእግር ቢገፋበት፣ ለሌላ ሠራተኛ «ክፉ ንግግር» የሆነው ለእርሱ ክብሩ የተገፈፈበት ቀን ሊሆን ይችላል። በዕድሜው መከበርን ለለመደ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በራሱ አንደበት ማስረዳት ይችላል፤ ሊያስረዳም ይገባል።

አሁን የማንወደውን ግን መናገር ያለብንን እንናገር። ለዓመታት የተጠራቀመ ውጥረት፣ በየቀኑ የሚሰማ የንቀት ንግግር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ በአጠቃላይ ሲታይ እንደ ሥራ አደጋ አይቆጠርም። በአካል ጉዳት ላይ «ሚክሮትራውማ» የሚባል መንገድ አለ፤ ለምሳሌ ለዓመታት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋግም እጁ የተጎዳ ሰው እያንዳንዷ ጥቃቅን ጉዳት ተደምራ ትታሰብለታለች። ፍርድ ቤቶች ይህን መንገድ ለአእምሮ ጉዳት ለመክፈት እጃቸው በጣም የተሰበሰበ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ሕግ ሕዝባችንን በተለይ ይጎዳል። ወገኖቻችንን ብዙ ጊዜ የሚሰብራቸው አንድ ትልቅ ነጎድጓድ ሳይሆን በየቀኑ የሚወርደው ካፊያ ነውና። ሆኖም ሕጉ እስካለ ድረስ ማድረግ የሚቻለው ካፊያውን ወደ ጠብታዎች መክፈል ነው። «ሁልጊዜ ይሰድበኝ ነበር» ከማለት ይልቅ በዚህ ቀን ይህን አለኝ፣ በዚያ ቀን ይህን አደረገኝ፣ እገሌ ነበረ ብሎ መዘርዘር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ለብቻው የሚታወቅ ተከታታይ ክስተት ሲቀርብ በሩ ጠባብ ቢሆንም አይዘጋም። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ግን በዚህ ጉዳይ የሠራተኛው ጠላት ነው።

ቀኑን አላስታውስም የሚሉ አሉ። ወላጆቻችን ዘመንን የሚቆጥሩት በበዓልና በወቅት ነው፤ ይህም ይረዳል። «የሲግድ ማግስት ነበር» ካሉ ሲግድ ሔሽቫን 29 ስለሆነ ቀኑ ተገኘ ማለት ነው። «የልጃችን ሠርግ ሳምንት» ካሉም የግብዣ ወረቀቱ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሥራ መግቢያ ካርድ፣ ከታሉሽ ወይም ከስልክ መልእክት ልጆች ሊያገኙት ይችላሉ።

ለመጀመሪያው ሐኪም የተነገረው ቃል

በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንነጋገር። ሰው ታሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ ኩፓት ሖሊም ሐኪም ሲሄድ ሐኪሙ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጽፋት ጥቂት መሥመር አለች፤ «አናምኔዛ» ትባላለች። ፍርድ ቤቶች ለዚህች መሥመር ከፍተኛ ክብደት ይሰጣሉ። ምክንያታቸው ሰው ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት ሲል በዚያች ሰዓት እውነቱን ለሐኪሙ ይናገራል፣ ስለ ካሣም ገና አላሰበም የሚል ነው። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚሰጥ ረጅም ምስክርነት፣ በመጀመሪያው ቀን ከተጻፈች አንዲት መሥመር ጋር ካልተስማማ ሊወድቅ ይችላል።

ችግሩ የእኛ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ጭንቀታችን በአካላችን ይናገራል። «ልቤን ይወጋኛል»፣ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ሆዴን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴ ሁሉ ዝሏል» እንላለን። ይህ ውሸት አይደለም፤ በእርግጥም ያማል። ሐኪሙ ግን ልብን መርምሮ «የደረት ሕመም፣ ምርመራው ደኅና» ብሎ ጽፎ ይሸኛል። እንዲህ ያለ ንግግር ብዙ ጊዜ ይገጥመናል። እናት፣ ልጅና ሐኪም ተቀምጠዋል እንበል።

ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይላል። እናት በአማርኛ «ያ ሽማግሌ በዱላ ከመታኝ፣ አንገቴን ካነቀኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፤ ሌሊት ይመጣብኛል፤ ወደዚያ ቤት እግሬ አልሄድ አለኝ» ይላሉ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው አፍራ ወይም አዝና «እማዬ ደክሟታል፣ አትተኛም፣ ደረቷን ያማታል» ብላ ትተረጉማለች። ሐኪሙ የጻፈው የልጅቷን ቃል ነው። ሥራ የለም፣ ዱላ የለም፣ ቀን የለም።

ልጅቷ አልበደለችም። እናቷ ስትመታ የሚያሳይ ቃል በአፏ እንድታወጣ መጠየቁ ራሱ ከባድ ነው፤ እናትም ልጃቸው ፊት ሁሉንም አይናገሩም። ለዚህም ነው ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ የምንለው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕዝቡ በቋንቋውና በባህሉ ተደራሽ እንዲሆኑ አዟል፤ አማርኛም ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። «በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። ጸሐፊዋ «ልጅሽ ትተርጉም» ብትል እንኳ በትዕግሥት ደግማችሁ ጠይቁ።

ለሐኪሙ የሚነገረው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ባለፈው ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ሥራ ላይ እያለሁ፣ የምንከባከባቸው ሰው አንገቴን አነቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተኛም፤ ወደ ሥራ መሄድ ፈራሁ፤ ልቤን ይወጋኛል።» ቀን፣ ሥራ፣ የሆነው ነገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ። ጠዋት አራት ሰዓት በዚህ አገር አቆጣጠር አሥር ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ አስተርጓሚ ሳያስተካክለው ቀርቶ ፋይል ላይ ሌላ ሰዓት የተጻፈበት አጋጣሚ አይጠፋም። ሐኪሙ ከጻፈ በኋላ «የሥራ አደጋ መሆኑን ጽፈሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ወረቀቱን ወስዳችሁም የዕብራይስጥ ንባብ ለሚችል ሰው በዚያው ቀን አስነብቡ።

ከቤተሰብ ሐኪሙ ቀጥሎ ወደ አእምሮ ሐኪም (ፕሲኪያተር) መሄድ የግድ ይላል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና በኩፓት ሖሊም ኃላፊነት ሥር ስለሆነ ሪፈራል የሚጠየቀው ከዚያ ነው። ወረፋው ይረዝማል፤ በዚያን ጊዜ ውስጥ የቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ደጋግሞ መሄድና ሕመሙ እንደቀጠለ ማስመዝገብ ጠቃሚ ነው። ሕክምና ሳይኖረው ቆይቶ ካሣ ብቻ የሚጠይቅ ሰው የሚያምነው ያጣል።

ወረቀቶቹ

ወረቀቱ ብዙ አይደለም። አሠሪው ሞልቶ የሚሰጠው ቁጥር 250 ቅጽ ለኩፓት ሖሊም የሚቀርብ ሲሆን የሥራ ጉዳተኛ ሆኖ ለመታከም ነው። ሐኪሙ «ለሥራ ጉዳተኛ የመጀመሪያ የሕክምና ምስክር ወረቀት» ይሰጣል፤ ተራ የሕመም ፈቃድ ይህን አይተካም። ከዚያ ቁጥር 211 ቅጽ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ይገባል፤ የጉዳት ክፍያ (ድሜይ ፕጊዓ) የሚጠየቀውም በእርሱ ነው። አሠሪው አልፈርምም ቢል አትቁሙ። በቅጹ ላይ አሠሪው ለመፈረም ፈቃደኛ እንዳልሆነ ጽፎ፣ ታሉሾችን አያይዞ ማስገባት ይቻላል። በ211 ላይ «አደጋው እንዴት ደረሰ?» በሚለው ቦታ የሚጻፈው ለሐኪሙ ከተነገረው ጋር አንድ መሆን አለበት። ብዙ ጥያቄዎች የሚበላሹት ቅጹን ሌላ ሰው በራሱ አሳምሮ ሲሞላው ነው። ቅጹ የሚገባው ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ገንዘቡ ሊቀር ይችላል።

ክፍያው ከጉዳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ የቀኑ 75 ከመቶ ነው። ለምሳሌ በወር 6,000 ሼቄል የሚያገኝ ሰው የሦስት ወሩ 18,000 ይሆናል፤ ለ90 ሲካፈል በቀን 200፤ 75 ከመቶው 150 ሼቄል ነው። የሚከፈለውም ቢበዛ ለ91 ቀን ነው። ከ2002 በፊት እጥፍ፣ ማለትም 182 ቀን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚከፈሉት ሰውየው ቢያንስ 12 ቀን መሥራት ካልቻለ ነው። የመጀመሪያዎቹን 12 ቀናት ቢቱዋሕ ሌኡሚ ከአሠሪው ላይ መልሶ ይወስዳል፤ አንዳንድ አሠሪዎች ፊታቸውን የሚያጠቁሩት በዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ከኪሳቸው የሚወጣ የለም።

«በፊትም ችግር ነበረብህ» ሲባል

ከኛ ትልልቆች መካከል ስንቶቹ በሱዳን በረሃ ልጅ ቀብረው እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ የመጡት፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት፣ ከዚያም በኋላ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ጠብቀው የመጡት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሸክም ይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው ሥራ ላይ ሲደነግጥ አሮጌው ቁስል አብሮ ይነቃል። የቢቱዋሕ ሌኡሚ ሐኪምም «ይህ ከሱዳን የመጣ እንጂ ከሥራ የመጣ አይደለም» ሊል ይችላል።

ሕጉ እንዲህ አይልም። አንቀጽ 83 በውጭ ምልክት ለማይታይ ጉዳት ጥያቄው ውድቅ የሚሆነው የሥራው ድርሻ ከሌሎቹ ምክንያቶች እጅግ ያነሰ ሲሆን ነው ይላል። የቆየ ቁስል መኖሩ ብቻ መብት አያስቀርም። ደካማ አጥንት ያለው ሰው ወድቆ ቢሰበር «አጥንትህ ደካማ ነበር» ተብሎ አይባረርም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ወሳኙ ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ነው። በሱዳን ያለፈች እናት ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሥራ ሳታጓድል ሠርታ፣ ልጆች አሳድጋ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ከቤት መውጣት ካቃታት፣ ልዩነቱ ይናገራል። ታሉሾቿም ይመሰክራሉ።

የጥንቱን መደበቅ ግን ጥሩ አይደለም። ቢቱዋሕ ሌኡሚ የኩፓት ሖሊምን ፋይል ይጠይቃል፤ የተደበቀው ሲገኝ እውነቱም ሳይታመን ይቀራል።

የሐኪሞች ኮሚቴ ፊት

ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ ከ91 ቀን በኋላም ጉዳቱ ካልተወ፣ በቁጥር 200 ቅጽ የአካል ጉዳት መጠን እንዲወሰን ይጠየቃል። ያን ጊዜ ሰውየው በቫዓዳ ሬፉኢት ፊት ይቀርባል። ከ9 ከመቶ በታች ከተሰጠው ገንዘብ የለም፤ ከ9 እስከ 19 ከመቶ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ከ20 ከመቶ ጀምሮ ግን በየወሩ ይከፈላል። ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ለማይችል ሰው በደንቡ 15ኛ አንቀጽ መሠረት ኮሚቴው መጠኑን እስከ ግማሹ ድረስ ከፍ ሊያደርግለት ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ካልተጠየቀ አይታወስም።

ወደ ኮሚቴ የሚሄዱ ሽማግሌዎቻችን የሚያደርጉትን እንናገር። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ይሄዳሉ። ሐኪሙ «ማ ሽሎምኻ?» ሲላቸው «ባሩኽ ሃሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና» ይላሉ። ለእኛ ይህ ሰላምታ ነው፤ ለሕመም መልስ አይደለም። በፕሮቶኮሉ ላይ ግን «ንጹሕ አለባበስ፣ ደኅና ነኝ ይላል» ተብሎ ይጻፋል። ጨዋነትን ተዉ አንልም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ግን ቤት ውስጥ የሚሆነውን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፦ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ ለምን ወደ ምኩራብና ወደ ለቅሶ መሄድ እንደተዉ፣ ማን እንደሚያበስልላቸው፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስታውሳቸው። የትዳር ጓደኛ አብሮ ቢገባ ይመረጣል፤ ሰው ስለ ራሱ የማይለውን ሚስቱ ትላለች። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግም ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

ከወገቡ ወይም ከእጁ የተጎዳ ሰው በአደጋው ምክንያት እንቅልፍና ሰላም ካጣ የአእምሮ ጉዳቱም በዚያው ፋይል ላይ ሊታይለት ይችላል። ይህ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው፤ ክስተቱ ቀድሞ ታውቋልና። ነገር ግን ስለ ወገቡ ብቻ ተናግሮ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ብዙ ነው።

ውድቅ ሲደረግ

የሚመጣው ደብዳቤ ሁለት ዓይነት ነው፤ መለየት ያስፈልጋል። «የሥራ አደጋ አይደለም» የሚለው ከጥያቄ ጸሐፊው (ፓኪድ ትቪዖት) የመጣ ከሆነ፣ በ12 ወር ውስጥ ለአካባቢው የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚያ ዳኛው በመጀመሪያ ክስተቱ መኖሩን ይወስናል፤ ከዚያም ከፍርድ ቤቱ የተሾመ የአእምሮ ሐኪም ግንኙነቱን ይመረምራል። ስለ መቶኛው ከሆነ ግን ይግባኙ ወደ ሁለተኛ የሐኪሞች ኮሚቴ ነው፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀን ወዲያው ተመልከቱ። ይህ ኮሚቴ መጠኑን ዝቅ ሊያደርገውም ይችላል፤ ይህን ካሰበ ግን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ስላለበት፣ ያን ጊዜ ይግባኙን ማንሳት ይቻላል። ከሁለተኛው ኮሚቴ በኋላ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም በ60 ቀን ውስጥ።

በፍርድ ቤት ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ጋር ለሚደረግ ክርክር የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ (ሲዩዓ ሚሽፓቲ) ጠበቃ የሚሰጠው የገቢን መጠን ሳይመለከት ነው። ለኮሚቴ ለመዘጋጀት ደግሞ ቢቱዋሕ ሌኡሚ «ያድ መኻቬኔት» የተባሉ በነጻ የሚያማክሩ ማዕከሎች አሉት። በማስታወቂያ «መብትህን እናስከብራለን» ከሚሉ ድርጅቶች ጋር ከመፈረም በፊት ከእነዚህ መጀመር ይሻላል። የፈረሙትን ውል ያላነበቡ፣ ከተሰጣቸው ላይ ብዙ የተቆረጠባቸው ሰዎች ያጋጥሙናል።

ጉዳቱ የሽብር ጥቃት ከሆነ በ1970 የወጣው የጥቃት ሰለባዎች ሕግ አለ፤ የራሱ መንገድና ቅጽ አለው። በ2023 በጥቅምት 7 እና ከዚያ በኋላ በነበረው ጦርነት ሥራ ላይ እያሉ የተጎዱ ወገኖች በየትኛው መንገድ መሄድ እንደሚሻላቸው ከመምረጣቸው በፊት ጠበቃ ይጠይቁ። ወታደር የሆነ ልጅ ጉዳይ በመከላከያ ሚኒስቴር በኩል ነው። በዘር ላይ የተመሠረተ ስድብና አድልዎ በ1988 በወጣው የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ደግሞ በ1998 በወጣው ሕግ ከአሠሪው ላይ ለብቻው ሊጠየቅባቸው ይችላል፤ ይህ በእርግጥ ክስ ነው፤ ከመድኑ ጥያቄ ጋርም አይምታታ።

ስለ ፍርሃታችን

ሁሉን ካወቁ በኋላ እንኳ ብዙዎች አንድ ቃል ይዘው ይቀራሉ፦ «እብድ ተብዬ እመዘገባለሁ።» ልጄን ለሠራዊት አይወስዱትም፣ ሰው ልጄን አያገባም፣ ሜናሄሉ ያውቅብኛል ይላሉ። በ1996 በወጣው የሕሙማን መብት ሕግ መሠረት የሕክምና ፋይል ምሥጢር ነው፤ አሠሪው የማየት መብት የለውም። የአባት የጭንቀት ሕክምናም የልጅ መዝገብ አይሆንም። ከአስፈሪ ነገር በኋላ እንቅልፍ ማጣት እብደት አይደለም፤ የሚታከም ጉዳት ነው።

በጥበቃ ሥራ ለተሰማሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ግን ሳንደብቅ የምንናገረው አለ። መሣሪያ የሚይዝ ሰው ለአእምሮ ሕመም መታከሙ የመሣሪያ ፈቃዱን ሊነካበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ዝም ብለው በሌሊት ፈረቃ ላይ መሣሪያ ታጥቀው፣ እንቅልፍ አጥተው የሚቆሙ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ያለው ቤተሰብ፣ በተለይ ሚስት ወይም ትልቅ ልጅ፣ ከመንጋቱ በፊት መሣሪያውን ለድርጅቱ እንዲመልስ አግባብቶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዞት ይሂድ። ስለ ፈቃዱና ስለ ሥራው የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያለ መሣሪያ የሚሠራ የጥበቃ ቦታ እንዲሰጠው አሠሪውን መጠየቅ ይቻላል፤ ቢቱዋሕ ሌኡሚም ለሥራ ጉዳተኞች ሌላ ሙያ የሚያስተምርበት የማቋቋሚያ ክፍል አለው።